ልጆቹን በክረምት ወዴት እንውሰዳቸው? ተረቱና እውነታው

ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ሲዘጋ በብዙ ቤት የሚሰማው መልስ «መስከረም ይጥባና እንሄዳለን» የሚል ነው። መስከረም ሲጠባ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል፤ ወላጁ ወደ ሥራው፣ ልጁም ወደ ክፍሉ ይገባል። ቤተሰቡ ተሟልቶ አንድ መኪና ውስጥ ሊቀመጥ የሚችልባቸው ሁለት ወራት ቴሌቪዥን ፊት ያልቃሉ። ብዙ ቤተሰብ የማይጓዘው ገንዘብ ስለሌለው ነው፤ በእሱ የሚፈርድ የለም። አቅሙ ያለውን ቤተሰብ ቤት የሚያስቀሩት፣ ወይም የማይሆን ቦታ ወስደው የሚያማርሩት ግን ከአፍ ወደ አፍ የሚዞሩ ጥቂት እምነቶች ናቸው።

«በክረምት አገሩ ሁሉ ዝናብ ነው»

ይህ አዲስ አበባን እንደ መላው አገር ከመቁጠር የመጣ ነው። አዲስ አበባ ከዓመት ዝናቧ ግማሽ የሚጠጋውን የምታገኘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ደቡቡ ግን ሌላ ጠባይ አለው። አርባ ምንጭ፣ ኮንሶና ቦረና ዋናው ዝናባቸው የበልጉ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። ሁለተኛው በጥቅምት አካባቢ ይመጣል። በመካከል ያሉት ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚቀንስባቸው ወራት ናቸው። አዲስ አበባ በጎርፍ ስትታመስ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሆኖ አዞዎች ዳርቻው ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ ማየት ይቻላል። ወደ ታች ሲወርዱ የኮንሶ እርከኖች አሉ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። መንገዱ ቀን ሙሉ የሚበላ ስለሆነ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ሐዋሳ ወይም ወላይታ ሶዶ አድሮ ቢቀጥል ይሻለዋል።

ደቡብ ሲባል ግን ሸለቆውና ተራራው አንድ አይደሉም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ቁልቁለታማ የተራራ መንገድ ውስጥ ልጆችን ይዞ መግባት አይገባም፤ አንድ ቀን ቆሞ ማሳለፍ ምንም አያጎድልም።

ዝናቡ ራሱ የሚሰጠው ነገርም አለ። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በበጋ የሚሄድ ሰው ገደሉ አፋፍ ላይ የሚያየው ቀጭን ውሃ ነው፤ በነሐሴ ግን ፏፏቴው ሞልቶ ሲወርድ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም በቅርብ ርቀት ሣር ይነጫሉ። እግረ መንገዴን፣ እዚያ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ሰው ሁሉ «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይለዋል። የተሠራው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በራስ ዳርጌ ዘመን ነው። ልጆቻችን የገዛ አገራቸው ሰዎች ያሠሩትን ድልድይ ለፖርቱጋል ሰጥተው ሲመለሱ ያሳዝነኛል።

ለክረምት ዕረፍት የማይሆን ቦታ ካለ ደግሞ ዳናክል ነው። ዝናብ የለም ብለው የሚመርጡት ሰዎች አሉ፤ በእነዚህ ወራት ግን ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። ሕፃን ይዞ የሚገባበት አይደለም።

«ሩቅ ካልሄዱ ጉዞ አይባልም»

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የቡታጅራን መንገድ ይዛችሁ ውጡ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሳትሞሉ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ትደርሳላችሁ። የሰው ዘር ድንጋይ እየጠረበ መሣሪያ ሲሠራ የኖረበት ቦታ ነው፤ ባልጪት ከሚባለው አጠገቡ ካለ የጥቁር መስተዋት ድንጋይ ሥፍራ ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኗል። እዚያ ተመራማሪዎች የ700,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የእግር አሻራዎች አግኝተዋል፤ ከአሻራዎቹ መካከል የትንንሽ ሕፃናት ይገኙበታል። ይህንን ለሰባት ዓመት ልጅ ንገሩትና ቀጥሎ የሚመጡትን ጥያቄዎች ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ከዚያ ትንሽ እንደሄዱ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ ከአንድ አለት ተፈልፍላ ወደተሠራችው አዳዲ ማርያም ያደርሳል። ላሊበላ ለመሄድ ዕድል ያላገኘ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ከአለት እንዴት እንደሚወጣ ጣሪያው ደረጃ ላይ ቆሞ ያያል። ዋናውን መንገድ ይዘው ሲቀጥሉ ጢያ አለ፤ ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች የተቀረጹባቸው ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ይገኛሉ። አንድ መንገድ ላይ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ሁለት የዓለም ቅርስ። ይህን ሁሉ አልፎ፣ ልጆቹን አሥር ሰዓት መኪና ውስጥ አስቀምጦ፣ ስሙ የገነነ ቦታ ላይ ፎቶ አንስቶ መመለስ ምን ይባላል?

እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳንኤል ካህነማን፣ ሰው ያለፈበትን ነገር ሲያስታውስ ርዝመቱን ብዙም እንደማይቆጥር አሳይቷል። የሚቀረው ስሜቱ የበረታበት ቅጽበትና አጨራረሱ ነው። ለቤተሰብ ጉዞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አምስት ቀን ተደስቶ ስድስተኛውን ቀን ርቦት፣ አልቅሶ፣ በጨለማ በሲኖትራክ መካከል ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ያንን ጨለማ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ ሰዓቱን ቁጠሩ፤ የመመለሻውን ቀን ደግሞ ከሁሉም አጭሩ አድርጉት። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ማረፊያ ቦታ መድረስ የማይቻልበት መንገድ ለቤተሰብ አይሆንም።

«ፎርዊል ከሌለ አይሞከርም»

ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ቡታጅራ፣ ሐረር፣ ባሌ ሮቤ ድረስ አስፋልት ነው፤ ጎማው ያላለቀ፣ ፍሬኑና የዝናብ መጥረጊያው የተፈተሸ ቪትዝ ይደርሳል። ችግሩ ያለው ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሎጁ ወይም ወደ ገዳሙ በሚወስደው ፒስታ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ጭቃ ይይዛል። እዚያ ሲደርሱ መኪናውን አቁሞ የአካባቢውን መኪና ወይም ባጃጅ መያዝ ነው። መኪና የሌለው ቤተሰብ ከዘመድ ጋር ሆኖ ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ይችላል። ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ግን ቻርጅ ማድረጊያ ከከተማ በራቁ ቁጥር እየጠፋ ስለሚሄድ የምታድሩበትን ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«ጥርት ያለ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ደፍራሹ ያሳምማል»

ከልጆች ጤና ጋር ስለሚገናኝ ከሁሉም ይበልጥ እንዲታረም የምፈልገው ይህን ነው። ላንጋኖን ቡናማ ያደረገው በውሃው ውስጥ የተበተነው ደለልና ማዕድን ነው፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ከብልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ የታወቀውም እሱ ነው። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈው በንጹሕ በሚመስል፣ ዳርቻው ላይ ሣር ባለበት ውሃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ዝዋይና ሐዋሳ ሐይቆች ዳር በሽታው ስላለ እዚያ ጀልባውን፣ ዓሣውንና ወፎቹን አይቶ መመለስ ነው፤ ልጆች ውሃው ውስጥ አይገቡም። የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ ሌላ አደጋ አላቸው። በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ስለተኙ ከዳርቻው ጥቂት እንደተራመዱ ወዲያው ይጠልቃሉ። የሚዋኝ አባት አለ ማለት ልጁ ተጠብቋል ማለት አይደለም።

ወባም አብሮ ይነሳል። ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ሁሉ አጎበር ያስፈልጋል። ነገር ግን የወባው ዋና ማዕበል የሚመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ወባን ፈርቶ ቆላውን ለጥቅምት የሚያስተላልፍ ሰው ከሐምሌው ወደባሰው ወቅት መሄዱ ነው።

«ብርድና ከፍታ ለልጅ አይሆንም»

እኔን ብትጠይቁኝ ለክረምት የምመርጠው ባሌን ነው። በአሰላ በኩል የሚሄደው መንገድ የአርሲን የገብስና የስንዴ አገር አረንጓዴ ሆኖ ያሳያል፤ በቆጂ ላይ ደግሞ ያስቆማል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከዚህ አካባቢ ነው። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ናት፤ ያደገችውም በዚሁ ብርድ ውስጥ ነው። ልጆቹ ጠዋት ወርደው ጥቂት ይሩጡበት።

ዲንሾ ላይ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን ብዙ ሳይደከም ይታያል። ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቀይ ቀበሮ የሚታየው እዚያ ሲሆን በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም። አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ከ2,300 ሜትር በላይ የለመደ ስለሆነ ከባሕር ጠረፍ ከመጣ ሰው ይልቅ ይቋቋመዋል። ጥንቃቄው ቀን ወጥቶ ማየት፣ ማታ ግን ጎባ ወርዶ ማደር ነው፤ ራስ ምታትና ማስመለስ የጀመረው ልጅ ካለ ሳይጠብቁ መውረድ ያስፈልጋል። ለዕረፍት ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ የሚመጡ ቤተሰቦች ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ጥቂት ቀን ይቆዩ። ለልጆቻቸውም የዕረፍት ወር ማለት ፀሐይና ቁምጣ ስለሆነ ጋቢና ካፖርት አስቀድሞ ይያዝ።

«አምና ሄደናል፣ መንገዱ ሰላም ነው»

የአምና ወሬ ለዘንድሮ አይሠራም። በአማራ ክልልና በኦሮሚያ አንዳንድ መስመሮች ላይ ያለው ሁኔታ በሳምንት ይለወጣል፤ ከላይ ያነሳሁት የደብረ ሊባኖስ መስመርም ያለ ጥያቄ የሚሄዱበት አይደለም። በመስመሩ ላይ በየቀኑ የሚመላለሱ ሾፌሮችን መናኸሪያ ሄዶ መጠየቅ፣ የሚያድሩበትን ሆቴል ደውሎ ማነጋገር፣ መልሱ ካጠራጠረ ቦታውን መቀየር። በዚህ ላይ ይሉኝታ የለም፤ ትልልቆቹ ስሞች ላሊበላና ጎንደር ቢሆኑም።

ቀኑን ስትመርጡም የበዓል መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሐረርን መንገድ ይሞላል፤ ነሐሴ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ደብረ ሊባኖስን። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ለማይጾሙ ሕፃናት ወተትና እንቁላል በየመንገዱ ላይገኝ ይችላል፤ ስንቁ ከቤት ይውጣ። «ዝናቡ ይቀንሳል» ብለው ጳጉሜን የሚጠብቁም ከዝናቡ ሳያመልጡ የእንቁጣጣሽ ገበያና የትምህርት ቤት ምዝገባ ግፊያ ውስጥ ይገባሉ። የሐምሌ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው።