ሜርሎ የወይን ዝርያ በደብረ ማርቆስና አካባቢው፦ ከመትከል በፊት መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

ሜርሎ መነሻው የፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ የሆነ ጥቁር ወይን ነው። ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጦ ጣፋጭነት የማይቀርበት ቀይ የወይን ጠጅ ይጠመቅበታል። ብቻውን ቢጠመቅም ብዙ ጊዜ ከካበርኔ ሶቪኞ ጋር ይቀላቀላል፤ የካበርኔን አፍ የሚይዝ ጣዕም ያለሰልሳልና። በአገራችን ሁለቱም ዝርያዎች በዝዋይ (ባቱ) በሚገኘው የካስቴል እርሻ ይለማሉ።

ይሁንና በዝዋይ የተሳካው በደብረ ማርቆስም ይሳካል ማለት አይደለም። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ክረምቷም ዝናባማ ነው። የሜርሎ ፍሬ ቆዳው ስስ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የደረሰ ዘለላ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። ወደ ጮቄ ተራራ በተጠጉ ቀበሌዎች ደግሞ ውርጭ ለጋውን ቡቃያ ያቃጥላል።

ዋናው መፍትሔ የግርዘት ጊዜ ነው። በአውሮፓ ወይኑን የሚያስተኛው የክረምቱ ብርድ ነው፤ በእኛ አገር ግን ተክሉ ሙሉ በሙሉ ስለማይተኛ አዲስ ቡቃያ የሚያወጣው ሲገረዝ ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ቢገረዝ አበባውም ፍሬውም በበጋ ይውላል። ይህ መስኖ ይጠይቃል፤ የበጋ ውኃ የሌለው አርሶ አደር ባይጀምረው ይመረጣል። ውኃ የሚያቁር መረሬ አፈርም ሥሩን ያበሰብሳል፤ ውኃ የሚያንጠፈጥፍ ተዳፋት ይሻላል።

ሜርሎ ፍሬው ትንሽና ዘር ያለው በመሆኑ ለገበታም ሆነ ለዘቢብ አይመረጥም። ስለዚህ ጠማቂ ገዥ ሳይገኝ መትከል ኪሳራ ነው፤ ተክሉ በቂ ምርት መስጠት የሚጀምረው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የተለቀመ ወይንም ገዥ እስኪገኝ አይቆይም።

ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ቁራጭ ፈጽሞ መተከል የለበትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይን የወይን እርሻዎች ያወደመው ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ ከአሜሪካ የገባው ከወይን ተክል ጋር ነበር። በመሆኑም ችግኝ ለማስገባት የሚፈልግ ባለጉዳይ አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ማግኘት፣ ከላኪው አገርም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ማቅረብ ይጠበቅበታል። ስለ አፈርና መስኖ ተስማሚነት በቅድሚያ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማማከር ይቻላል።