ሳይበላሽ እምቢ የሚለው ድራይቭ

ዲስኩ ይገባል። ድራይቩ ትንሽ ይሽከረከራል፣ ያጓራል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ስክሪኑ ላይ ወይ ጥቁር መስኮት ይቀራል፣ ወይ ዲስኩን ማጫወት አልተቻለም የሚል መልእክት ይወጣል። የዘፈን ሲዲ ሲገባበት ግን ያለ ምንም ችግር ያጫውታል። ባለቤቱ ድራይቩ ሞቷል ብሎ ይደመድማል፤ ጠጋኙም አዲስ እንዲገዛ ይመክረዋል። አዲሱ ተገዝቶም ያው ፊልም እምቢ ሲል ጥፋቱ በዲስኩ ይላከካል። የዲቪዲ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ይህ ችግር ከኮምፒውተር ተጠቃሚ ጎን ተለይቶ አያውቅም። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። ድራይቩ እምቢ የሚለው እምቢ እንዲል ተደርጎ ስለተሠራ ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው ይህን የሚነግረው አላገኘም።

በእርግጥ ድራይቭም ይበላሻል። ሲዲ የሚነበበው 780 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ሌዘር ሲሆን፣ ዲቪዲ ደግሞ 650 ናኖሜትር በሆነ ቀይ ሌዘር ነው። ስለዚህ አንዱ ደክሞ ሌላው ሊሠራ ይችላል፤ ዘፈን የሚያጫውት ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። መለያው ቀላል ነው። ዲስኩን ከማጫወት ይልቅ እንደ ፎልደር ይክፈቱት። ቪዲዮ ቲኤስ የሚል ፎልደር ከታየና ውስጡ ትልልቅ ፋይሎች ከተደረደሩ ሌንሱ እያነበበ ነው። አንብቦም ፊልሙን ካላሳየ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የሪጅን ኮድ ነው፤ ዲስክና ድራይቭ ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተመደቡ የሚያሳይ ቁጥር። ዊንዶውስ ላይ የድራይቩን ምልክት በቀኝ ተጭነው በፕሮፐርቲስ ወደ ሃርድዌር ገጹ ገብተው፣ ድራይቩን መርጠው እንደገና ፕሮፐርቲስ ሲከፍቱ ዲቪዲ ሪጅን የሚል ክፍል ያገኛሉ። የአገሮች ስም ዝርዝር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ሪጅኑን ለመቀየር ስንት ዕድል እንደቀረ የሚናገር ቁጥር። ቁጥሩ የሚጀምረው ከ5 ነው። በተቀየረ ቁጥር በአንድ ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲደርስ ድራይቩ መጨረሻ በተመረጠለት ሪጅን ላይ ይቆለፋል። ቁጥሩ የተጻፈው ድራይቩ ራሱ ውስጥ ስለሆነ ዊንዶውስን እንደገና መጫን አይፈታውም። ከ2000 መግቢያ ጀምሮ የሚሠሩ ድራይቮች ይህን ቆጣሪ እንዲይዙ ተደርገዋል። ብዙ ሰው አንድ ፊልም ለማየት ሲል የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ እሺ፣ እሺ እያለ አምስቱን ዕድል በአንድ ምሽት ይጨርሳል።

ዓለምን በስድስት ሪጅን የከፋፈሉት የፊልም ኩባንያዎች ናቸው። አሜሪካና ካናዳ 1፣ ምዕራብ አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ጋር 5 ተመደቡ። አሜሪካ በዲስክ የወጣ ፊልም ሌላው ዓለም ገና ሲኒማ ቤት ሳይደርስ እንዳይቀድም፣ ዋጋውም በየአገሩ ተለይቶ እንዲተመን ነበር ዓላማው። በመጋቢት 2009 ባራክ ኦባማ ለእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ለጎርደን ብራውን 25 ምርጥ የአሜሪካ ፊልሞችን በዲቪዲ ሰጧቸው። ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዝ ጋዜጦች ብራውን ፊልሞቹን ለማየት ሲሞክሩ ሪጅኑ እንደማይገጥም የሚገልጽ መልእክት እንደመጣባቸው ጻፉ። የሁለት መንግሥታት መሪዎች ስጦታ ያላለፈውን አጥር ተራው ሰው በየቀኑ ሲጋፈጠው ኖሯል። ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ለልጆች ብሎ ያመጣው ፊልም ባለ 1 ነው፤ ከዱባይ የተገዛው ላፕቶፕ ባለ 2፤ ለአዲስ አበባ የተመደበላት ደግሞ ባለ 5። ሦስቱ አንድ ሳሎን ውስጥ ሲገናኙ አይግባቡም።

ሪጅኑ ገጥሞም ፊልሙ ላይታይ ይችላል፤ ሁለተኛ መቆለፊያ አለና። ሲኤስኤስ ይባላል። ፊልሙ ዲስኩ ላይ የሰፈረው በምስጢር ተቆልፎ ነው፤ የሚፈታው ፈቃድ ከፍለው ቁልፍ በተሰጣቸው ማጫወቻዎች ብቻ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ የተባለውን ሲስተም የሚጠቀም ሰው ፈቃድ ያለው ማጫወቻ አልነበረውም። ዲስኩን በሕጋዊ መንገድ ገዝቷል፣ ድራይቩም የራሱ ነው፤ ማየት ግን አይችልም።

በጥቅምት 1999 ጆን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት ኖርዌያዊ ከሁለት ስማቸው ካልተገለጸ ሰዎች ጋር የሠራውን፣ ይህን መቆለፊያ የሚፈታ ዲሲኤስኤስ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። የመቆለፊያው ቁልፍ ርዝመቱ 40 ቢት ብቻ ስለነበር መቆለፊያው ደካማ ነበር፤ አንዱ ባለፈቃድ ማጫወቻም ቁልፉን በሚገባ ሳይሸሽግ ትቶት ነበር። በጥር 2000 ፖሊስ የልጁን ቤት ፈትሾ ኮምፒውተሮቹን ወሰደ። ክሱ ዓመታት ፈጀ። በጥር 2003 የኦስሎ ፍርድ ቤት ሰው የገዛውን ፊልም ለማየት መቆለፊያውን ቢፈታ ወንጀል አይሆንም ብሎ በነጻ አሰናበተው፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ቢልም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ይግባኝ ሰሚውም አጸናለት። እኔ ይህን ፍርድ ከዲቪዲ ታሪክ ሁሉ የላቀ ቦታ እሰጠዋለሁ፤ ዳኞቹ የገዢውን መብት በቀጥታ ያዩበት ነውና።

ኒውዮርክ ላይ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ። ስምንት ስቱዲዮዎች ፕሮግራሙን ያሰራጨውን 2600 የተባለ መጽሔት አሳታሚ ኤሪክ ኮርሊን ከሰሱት። ዳኛ ሉዊስ ካፕላን በነሐሴ 2000 ለስቱዲዮዎቹ ፈረዱላቸው፤ ወደ ፕሮግራሙ የሚወስድ ሊንክ ማስቀመጥ እንኳ ተከለከለ። ይግባኙም በኅዳር 2001 ውድቅ ሆነ። በነዚያ ዓመታት ሰዎች በተቃውሞ ኮዱን ቲሸርት ላይ አትመው ይለብሱ፣ በግጥም መልክም ይጽፉት ነበር። ክልከላው ግን ፕሮግራሙን አላጠፋውም፤ ፓሪስ አጠገብ ከተማሪዎች እጅ የወጣው ቪኤልሲ የተባለው ነጻ ማጫወቻ መቆለፊያውን እየፈታ ዲስኮችን ሲያሳይ ኖሯል።

ታዲያ መቆለፊያው ማንን አስቀረ? አዲስ አበባ መንገድ ዳር በኮፒ የሚሸጠው የውጭ ፊልም መቆለፊያውም ሪጅኑም ከላዩ ተገፍፎ ነበር የሚመጣው። በየትኛውም ድራይቭ ይሠራል። የአማርኛ ፊልሞች ለዓመታት በሁለት ዲስክ ተከፍለው የወጡበት ቪሲዲም ከመነሻው እንዲህ ያለ መቆለፊያ አልነበረውም። የተቸገረው ኦሪጅናሉን በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰው ብቻ ነው። የፊልም ሠሪው ሥራ እንዳይዘረፍ መከላከል ትክክል ነው፤ አገራችንም ውስጥ ኮፒ ስንቱን ፕሮዲዩሰር ለኪሳራ እንደዳረገ እናውቃለን። ነገር ግን ቀጂው ሳይነካ ሐቀኛውን ገዢ ብቻ የሚያግድ ነገር ጥበቃ ሊባል አይገባውም።

ድራይቩ ደህና ሆኖ ፊልሙ የማይታይበት ሦስተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። የዲቪዲ ምስል የታመቀው ኤምፔግ 2 በተባለ ዘዴ ሲሆን፣ እሱን የሚፈታ ሶፍትዌር የሚያወጣ ሁሉ በእያንዳንዱ ኮፒ ለባለፓተንቶቹ ይከፍል ነበር። ማይክሮሶፍት በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ ይህን ወጪ ጠቅሶ ዲቪዲ ማጫወትን ከሲስተሙ አወጣው። ትናንት ፊልም ያሳይ የነበረ ኮምፒውተር ዊንዶውሱ ሲታደስ ድምፁን አጠፋ፤ ጥፋቱም እንደተለመደው ድራይቩ ላይ ተደፈደፈ። ከ2015 ወዲህ ኩባንያው ማጫወቻውን ለብቻው በ14.99 ዶላር ሲሸጥ ቆይቷል። የኤምፔግ 2 ፓተንቶች አሜሪካ ውስጥ በየካቲት 2018 አብቅተዋል፤ ዊንዶውስ ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

በአዲሶቹ ዲስኮችም ነገሩ አልተሻሻለም። አልትራ ኤችዲ ብሉሬይ ፊልም በኮምፒውተር ለማየት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ኤስጂኤክስ የሚባል የኢንቴል የደኅንነት ክፍል መኖር ነበረበት። ኢንቴል ይህንን ከ11ኛው ትውልድ የኮር ፕሮሰሰሮች ጀምሮ ከግል ኮምፒውተሮች ላይ አነሳው። ስለዚህ ውድና ፈጣን የሆነው አዲስ ማሽን አሮጌው የሚያሳየውን ፊልም አያሳይም።

ቤት ውስጥ የተቀመጡት የሠርግ፣ የምርቃትና የክርስትና ዲስኮች ከእነዚህ መቆለፊያዎች ነጻ ናቸው። በግል የተቀረጸ ዲቪዲ ሪጅንም ሲኤስኤስም የለበትም። አልታይ ካለ መጀመሪያ ቪኤልሲ መጫን ነው፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ያበቃል። ካልሆነም ቀራጩ ዲስኩን በመጨረሻ ሳይዘጋው ቀርቶ ይሆናል፤ ያኔ በተቀረጸበት ዓይነት መሣሪያ መሞከር ያዋጣል። ሌላው ቀለሙ ነው። የነዚህ ዲስኮች ምስል የተጻፈበት ቀለም በፀሐይና በሙቀት እየደበዘዘ ስለሚሄድ ዘንድሮ የሚነበበው ከጥቂት ዓመት በኋላ ላይነበብ ይችላል፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖችም ድራይቭ ሳይኖራቸው ነው የሚመጡት። በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ ገዝቶ ወይም ካለው ሰው ተውሶ፣ ቪዲዮ ቲኤስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይበቃል፤ ቪኤልሲ ከዚያው ያጫውተዋል።