ሕመም ሳይሰማ የሚጀምር በሽታ፦ የእርግዝና የደም ግፊትና የእንግዴ ልጅ

በዚህ እትም የምናወያያችሁ ከወሊድ በኋላ ተቀብሮ ስለሚረሳው የእንግዴ ልጅ ነው። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ እናቶችንና ሕፃናትን የሚቀጥፈው የእርግዝና የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ስለሆነ ነው።

አንድ የክረምት ምሽት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር በካሮ ተጭና ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣች። ራሷን ሲያማት ሁለት ቀን ሆኗታል። ቤተሰቧ «የፀሐይ ምች ነው» ብለው ራሷን በሻሽ አስረው አስተኝተዋት ነበር። ዓይኗ ሲጋረድባት ነው የደነገጡት። የደም ግፊቷ 170/115 ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥተን ወደ ገዳሪፍ ላክናት። መኪናው ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በትራክተር ተጎትቶ ወጣ፣ ሆስፒታል የደረስነውም ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቲቱ ተረፈች፣ ሕፃኑ ግን በሕይወት አልተወለደም።

አዋላጇ የእንግዴ ልጁን አገላብጣ አሳየችኝ። ከወትሮው ያነሰ ነበር። ነጣ ያሉና የጠጠሩ ቦታዎች ነበሩበት፣ በጀርባውም የረጋ ደም ተጣብቆበታል። በኋላ የክትትል ካርዷን ሳየው በአራተኛ ወሯ አንድ ጊዜ ብቻ መጥታለች። ያን ጊዜ ግፊቷ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ «ምንም አላመመኝም» ብላ ቀረች። ለምን እንደቀረች ቤቷ ድረስ ሄዶ የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋትም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

የእንግዴ ልጅ ሥራው ምንድን ነው?

ሕፃን በማኅፀን ሳለ በራሱ አይበላም፣ በራሱ አይተነፍስም። ምግቡንና አየሩን ከእናቱ ደም ተቀብሎ በእትብት የሚያሳልፍለት፣ ቆሻሻውንም የሚመልስለት የእንግዴ ልጅ ነው። ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል። በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማኅፀን የሚደርሰው ደም በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ደም ለማስተናገድ የማኅፀን ቀጫጭን የደም ሥሮች መስፋት አለባቸው። ይህን የሚያደርገው ራሱ የእንግዴ ልጅ ነው። በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ ወደ ደም ሥሮቹ ሥር ሰዶ ያሰፋቸዋል። ጠባብ ቦይ ተቆፍሮ ሲሰፋ ማሳው እንደሚጠጣ ማለት ነው።

ግፊቱ ከየት ይመጣል?

በአንዳንድ ሴቶች ይህ ቁፋሮ በደንብ አይከናወንም። የደም ሥሮቹ እንደጠበቡ ይቀራሉ። ሕፃኑ ትንሽ ሳለ ጉዳቱ አይታወቅም። እያደገ ብዙ ደም ሲፈልግ ግን የእንግዴ ልጅ ይጠማል፣ በየቦታውም ይደርቃል። የተጎዳውም የእንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚያፈሳቸው ንጥረ ነገሮች የደም ሥሮቿን ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳሉ። ግፊቷ ይጨምራል፣ ኩላሊቷም ፕሮቲን ወደ ሽንት ያሳልፋል። ይህ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚታየው በሽታ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ሴትየዋን ካንቀጠቀጣት ኤክላምፕሲያ ሆኗል ማለት ነው። ከመፀነሷ በፊት የደም ግፊት የነበረባት ሴትም ለዚሁ ችግር የተጋለጠች ናት።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ራስ ምታቱ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ነው። ግፊቱ ከፍ ካለም በኋላ ብዙ ሴቶች ለጊዜው ምንም አይሰማቸውም። ቀድሞ የሚናገረው የግፊት መለኪያውና የሽንት ምርመራው ነው።

የሚያስከትለው ጉዳት

ሕፃኑ በቂ ምግብና አየር ባለማግኘቱ ይቀጭጫል፣ ያለ ጊዜው ሊወለድ ወይም በማኅፀን ሊሞት ይችላል። የእንግዴ ልጁ ከማኅፀን ግድግዳ ቀድሞ ከተላቀቀ ደግሞ ደም ይፈሳል። አንዳንዴ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሆድ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በእናቲቱ ላይ አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ በዓለም ከ100 የእናቶች ሞት 14ቱ ያህል ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር የተያያዙ ናቸው።

በእኛ አካባቢ ወባም አለ። የወባ ተውሳክ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ይደበቃል። ዶክተር ኢስሐግ አደምና ባልደረቦቻቸው በመካከለኛው ሱዳን መደኒ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት፣ በእንግዴ ልጃቸው ውስጥ ወባ የተገኘባቸው ሴቶች በፕሪኤክላምፕሲያ ይበልጥ የተያዙ መሆናቸውን አሳይቷል። በመሆኑም ነፍሰ ጡር ከአጎበር ውጪ አትተኛ፣ ትኩሳት ሲሰማትም ወዲያው ትመርመር።

ይበልጥ የሚያሰጋው ለማን ነው?

የመጀመሪያ ልጇን ላረገዘች፣ መንታ ለያዘች፣ ባለፈው እርግዝናዋ ግፊት ለነበረባት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት በሽታ ላለባት፣ ዕድሜዋ ከ35 በላይ ለሆነች፣ እንዲሁም እናቷ ወይም እህቷ ይህ በሽታ ለደረሰባት ሴት ይበልጥ ያሰጋል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዱም የሌለባት ሴት ልትያዝ ትችላለች።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

• የማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት
• የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭ ብልጭ ማለት
• ከጎድን አጥንት በታች ወይም በላይኛው ሆድ ላይ የሚሰማ ሕመም
• የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት
• ትንፋሽ ማጠር
• የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ
• ደም መፍሰስ ወይም የሆድ መጠጠር
• መንቀጥቀጥ

ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ክሊኒክ ሂዱ። እስኪነጋ አትጠብቁ።

ሴትየዋ ከተንቀጠቀጠች በግራ ጎኗ አስተኟት። አጠገቧ ያለውን ጠንካራ ነገር አንሡ። አፏ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጨርቅ አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽትቷት፣ ውሃ አታጠጧት። «መንፈስ ነው» ብሎ ማቆየት ሁለት ነፍስ ያስከፍላል። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ነገር ግን መኪናው እየሄደ ይሁን።

በሕክምና ምን ይደረጋል?

ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተደግሞ ይለካል፣ ሽንትም ይመረመራል። 160/110 ከደረሰ አስቸኳይ ነው። ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት ይሰጣል። መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመውና በ33 አገሮች 10,000 ያህል ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ይህ መድኃኒት የመንቀጥቀጥን አደጋ በግማሽ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ይሁንና መድኃኒቱ የታመመውን የእንግዴ ልጅ አያድነውም። በሽታው መልቀቅ የሚጀምረው ልጁም የእንግዴ ልጁም ሲወጡ ነው። ሐኪሞች ቀኑ ሳይደርስ «ትውለድ» ሲሉ ምክንያታቸው ይኸው ነው። ከወለደች በኋላም አደጋው ወዲያው አያበቃም። በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት ግፊቷ መለካት አለበት። አራስ ራሷን ካመማት «የአራስ ቤት ብርድ ነው» ብላችሁ አትተዉት።

እኛስ ምን እናድርግ?

ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ክትትል ከሦስተኛው ወር በፊት ጀምሩ። የሚመከረው በአንድ እርግዝና 8 ጊዜ መታየት ነው። ሲሻላችሁም ኑ። ካርዳችሁን ከራሽን ካርዳችሁ ጋር አስቀምጡ። የካልሲየም ኪኒን ከተሰጣችሁ ሳታቋርጡ ውሰዱ። ወተትና የገዳሪፍ ሰሊጥ ካልሲየም አላቸው፣ ኪኒኑን ግን አይተኩም። አስፒሪን ለአንዳንድ ሴቶች በአነስተኛ መጠን ይታዘዛል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጀምሩት።

ባሎችና ቤተሰቦች፣ ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ አስቀድማችሁ ያዙ። መኪና ወይም ትራክተር ያለውን ሰው እወቁ። ሚስትህ ግፊት እንዳለባት ከተነገረህ፣ መንገዱ በዝናብ ሳይዘጋ ከተማ ዘመድ ወይም የአገር ሰው ዘንድ የምታርፍበትን ቦታ ፈልግ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እጅግ ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ ገብቷል፣ ሆስፒታሎችም ተጨናንቀዋል። ስለዚህ ቀድሞ መድረስ ከምንጊዜውም ይበልጥ ያስፈልጋል።

በጎ ፈቃደኞችና የልምድ አዋላጆች፣ በየሰፈራችሁ ያሉትን ነፍሰ ጡሮች ቁጠሩ። ከቀጠሮዋ የቀረችውን ቤቷ ሄዳችሁ ጠይቁ። «አሞሻል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «መቼ ነው የተለካሽው? ስንት ነበር?» በሏት። ካላወቀች አብራችኋት ኑ።

ከላይ ያነሣኋት እናት ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና አረገዘች። በዚህኛው እርግዝና ገና በሁለተኛ ወሯ መጣች፣ ከዚያም አንድ ቀጠሮ አላሳለፈችም። በዘጠነኛው ወር ግፊቷ ከፍ ማለት ሲጀምር በጊዜ ደረስንበትና ከተማ ሄዳ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፣ አሁን ትሮጣለች።

መለካት አያምም፣ አያስከፍልም፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅም።