የቻይና ጥብስ ሩዝ በሐዋሳ ጓዳ

ሐዋሳ ላይ ሩዝ የሌለበት የሆቴል ሜኑ ማግኘት ይከብዳል። ሩዝ በአትክልት፣ ሩዝ በእንቁላል፣ ሩዝ በሥጋ እየተባለ ይዘረዘራል፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ «ፍራይድ ራይስ» ብሎ ይጽፈዋል። በደንብ የተሠራው ሲቀርብ ፍሬው አንድ በአንድ የተለያየ፣ እንቁላሉ በየመሀሉ ብቅ ብቅ ያለ፣ ትንሽ የጭስ ጠረን ያለው ነው። ያንኑ ምግብ ቤቱ የሞከረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ያገኛል። ሩዙ ይላቁጣል፣ ከመጥበሻው ሥር ይይዛል፣ አትክልቱ ውሃ ያወጣል። ጥፋቱም በቅመም ይሳበባል፤ «እነሱ የሚጨምሩት አንድ ነገር አለ» ይባላል።

ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሩዙ የያዘው ውሃና ከምጣዱ ሥር ያለው እሳት። የሁለቱ ጠባይ የገባው ሰው የሬስቶራንት ምድጃ ባይኖረውም ከዚያ ጣዕም ብዙ አይርቅም።

ምግቡና አመጣጡ

ቻይናውያን ቻኦፋን ይሉታል። ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ሩዝ በጋለ ምጣድ ላይ ከዘይት፣ ከእንቁላልና ከተከታተፈ አትክልት ጋር እየታመሰ ይሠራል። በስም የገነነው በምሥራቅ ቻይና፣ በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የያንግዡ ከተማ አሠራር ነው። አፈ ታሪኩ ምግቡን ከ1,400 ዓመት በፊት እስከነበረው የሱይ ሥርወ መንግሥት ድረስ ይወስደዋል። ባሕርዩ ግን ከቤተ መንግሥት ይልቅ ለጓዳ ይቀርባል፤ እኛ ያደረ እንጀራ ፍርፍር እንደምናደርገው ሁሉ፣ ትናንት የተረፈ ሩዝ ዛሬ አዲስ ምግብ የሚሆንበት ዘዴ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ያንግዡ ላይ 4,192 ኪሎ ግራም ጥብስ ሩዝ ተሠርቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሊሆን ነበር። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ለአሳማ መኖ መሄዱ ሲታወቅ ጊነስ ክብረ ወሰኑን ሰረዘው። ትራፊ እንዳይባክን ለሚሠራ ምግብ የሚገባ ፍርድ ነው።

የምግቡ ባለቤቶች ለሐዋሳ እንግዳ አይደሉም። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ9 ወር ገደማ የገነባው ሲሲኢሲሲ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው። ሩዝ ራሱ ግን በአካባቢው ማዕድ ላይ የቆየ አይደለም። የሲዳማ ገበታ የቆመው በእንሰት ላይ ነው፤ ቆጮውም ቡርሳሜውም ከእርሱ ይወጣሉ። ሩዝ ከተሜው ቤት ሲገባ ከፓስታና ከመኮሮኒ ጎን ተሰልፎ፣ በሶስ የሚበላ ሆኖ ገባ። ስለዚህ ውሃ ጠጥቶ፣ ለስልሶ እንዲበስል ለመድን። ለጥብስ የሚፈለገው ሩዝ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ምጣዱ

ቻይናውያን የሚያምሱበት ዕቃ ዎክ ይባላል፤ ጎድጓዳ፣ ሥሩ ክብ የሆነ የብረት ምጣድ ነው። ጥሩው ከስስ ብረት ይሠራል። ስስ በመሆኑ እሳቱ ሲጨምር ወዲያው ይግላል፣ ሲቀንስም ወዲያው ይበርዳል። ክብ ሥሩ ዘይቱን ወደ መሀል ይሰበስባል፤ ዘንበል ያለው ግድግዳው ደግሞ የተወረወረው ሩዝ ዞሮ ወደ ውስጥ እንዲወድቅ ያደርጋል። አዲስ የብረት ዎክ ሳይሟሽ አይጠበስበትም። ይታጠባል፣ እሳት ላይ ይደርቃል፣ ዘይት በስሱ ተቀብቶ ጭሱ እስኪወጣና ብረቱ እስኪጠቁር ይግላል። ይህ ጥቂት ጊዜ ሲደጋገም የማያጣብቅ ጥቁር ሽፋን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ በሽቦ መፈተግ ሽፋኑን መግፈፍ ነው።

ምግብ አብሳዩ ምጣዱን ለምን እንደዚያ እንደሚወዘውዘው ያጠኑ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች ሁንግታንግ ኮ እና ዴቪድ ሁ፣ የአምስት የቻይና ምግብ አብሳዮችን አሠራር በቪዲዮ ቀርጸው በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ። አብሳዮቹ ምጣዱን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ይወዘውዛሉ። እንቅስቃሴው ሁለት ነው፤ ምጣዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፣ ይሳባል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ በምድጃው ከንፈር ላይ ተደግፎ ከፍ ዝቅ ይላል። የሩዙ ፍሬ አየር ላይ ሲወጣ ትንሽ ይበርዳል፣ ሲመለስ የጋለውን ብረት ይነካል። ሳያርር የሚጠበሰው በዚህ መመላለስ ነው። ሥራው ትከሻ ይፈጃል፤ የጥናቱ አንዱ መነሻም የአብሳዮቹ የትከሻ ሕመም ነበር።

ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ግዴታ አይደለም። የቡታጋዝም ሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ እሳቱ ደካማ በመሆኑ ምጣዱ በተነሣ ቁጥር ይቀዘቅዛል። ለቤት የሚሻለው ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ ሰፊ የብረት መጥበሻ፣ ጠንካራ የእንጨት ማማሰያና ቶሎ ቶሎ የምትገለብጥ እጅ ናት።

እሳቱና ውሃው

የሬስቶራንት የዎክ ምድጃ ከቤት ቡታጋዝ አሥር እጥፍ ያህል ኃይል አለው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። 100 ግራም ውሃ፣ ማለትም ግማሽ ብርጭቆ ያህል፣ ከፈላ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪተን 226 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። የ2,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ግማሹን ሙቀት ለምጣዱ ቢያደርስ፣ ያንን ውሃ ለማትነን ወደ 4 ደቂቃ ይፈጅበታል። አሥር እጥፍ የሚነደው ምድጃ ግን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል።

ያ ውሃ ሳይተን ምጣዱ ከውሃ መፍያ ነጥብ ብዙም አያልፍም። የሩዙና የእንቁላሉ ገጽታ ቡናማ እየሆነ የጥብስ ጠረን የሚያወጣው ደግሞ ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ነው። እርጥብ ሩዝ በደካማ እሳት ላይ ለአራት ደቂቃ ሲገላበጥ የሚቀቀለው ሁለተኛ ጊዜ ነው፤ ፍሬው ይሰባበራል፣ ስታርቹ ይወጣል፣ ይላቁጣል። የቤት እሳት ማደግ ስለማይችል መቀነስ ያለበት ውሃው ነው። መፍትሔውም ሦስት ነው፤ ደረቅ ሩዝ፣ የጋለ ምጣድ፣ በአንድ ጊዜ ጥቂት ምግብ።

ሩዙን መምረጥና መቀቀል

ከውጭ የሚገባው ባስማቲና ሌላው ረጅም ፍሬ ያለው ሩዝ ሲበስል ብዙም ስለማይያያዝ ለጀማሪ ይቀላል። የአገራችን ሩዝ ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በኩል እዚያ የተለመደው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው ዋና ሰብል ሆኗል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚያው ወረታ ነው። ገበሬው ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግርበታል። በአገር ውስጥ ሩዝ የሚሠራ ሰው ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይጠበው፣ ሲቀቅልም ውሃውን ይቀንስ። መያያዝ የሚጀምረው ከላዩ ላይ በቀረው የስታርች ብናኝ ነው።

በዚህ ላይ የከተማዋ ከፍታ ይጨመራል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሩዙም ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ብዙ ሰው «አልበሰለም» ብሎ ውሃ ይጨምርበታል፤ ልቁጡ ከዚያ ይመጣል። ሩዙን አጥቦ ለግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ አንድ ብርጭቆ ከሩብ ያህል ውሃ ማድረግ፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጎ በሚገጥም ክዳን መክደን ይበቃል። ጊዜ ይጨመርለት እንጂ ውሃ አይጨመርለት። ሲነከስ መሀሉ ጠንከር ያለ ሆኖ መውጣት አለበት።

ማቀዝቀዝና ጥንቃቄ

የበሰለ ሩዝ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ስታርች እንደገና ይደራጅና ይጠነክራል፤ ገጽታውም ይደርቃል። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ሩዝ ሲጠበስ የማይፈርሰው ለዚህ ነው። ሩዙን ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግቶ እንፋሎቱ እስኪወጣ ማናፈስ፣ ከዚያ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ለዛሬ የፈለገ ሰው ደግሞ በትሪው ላይ እንደተዘረጋ በቬንትሌተር ለአንድ ሰዓት ያህል ያናፍሰው፤ ያደረውን ባያክልም ትኩሱን በብዙ ይበልጣል።

ማሳደር ማለት ግን ድስት ውስጥ ትቶ መተኛት አይደለም። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘር መሰል ቅርጹ በመቀቀል አይሞትም። ሩዙ በክፍል ሙቀት ለሰዓታት ከተቀመጠ ይራባና ማስታወክ የሚያመጣ መርዝ ይፈጥራል፤ መርዙም በድጋሚ ማሞቅ አይጠፋም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በተደጋጋሚ የታየው የዚህ ዓይነት የምግብ መመረዝ የተያያዘው ከቻይና ምግብ ቤቶች ጥብስ ሩዝ ጋር ነበር፤ የተቀቀለው ሩዝ ሳይቀዘቅዝ በክምር ይቀመጥ ነበርና። እንደ ሐዋሳ ባለ ሞቃት ከተማ ደንቡ አጭር ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱ ይበላ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ አይሞቅ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ካደረ ሩዙን መድፋት ይሻላል።

አጠባበሱ

ለሁለት ሰው ሦስት ብርጭቆ ያህል የቀዘቀዘ ሩዝ፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ካሮት፣ ጥቂት ፎሶሊያ ወይም አተር፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ይበቃል። ዘይቱ የተጣራ የሱፍ ዘይት ቢሆን ይመረጣል፤ የኑግ ዘይት የራሱ ጠንካራ ጣዕም ሌላውን ይውጠዋል። ሁሉም ነገር ተከትፎ፣ ተለክቶ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጥ። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ለመክተፍ ጊዜ የለም።

መጀመሪያ ሩዙ በእጅ ይፈርፈር፤ ጓል መቅረት የለበትም። መጥበሻው ባዶውን በከፍተኛ እሳት ላይ ጭሱ መውጣት እስኪጀምር ይግላል። ግማሹ ዘይት ይገባና እንቁላሉ ተመትቶ ይፈስሳል፤ ገና ለስላሳ ሳለ ወደ ሳህን ይወጣል። ካሮቱና ፎሶሊያው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ታምሶ እርሱም ይወጣል፤ ውሃውን ሩዙ ላይ እንዳያራግፍ ነው። ምጣዱ እንደገና ሲግል የቀረው ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገብተው ሽታቸው እንደወጣ ሩዙ ይከተላል።

ሩዙን በስሱ ዘርግቶ ለግማሽ ደቂቃ አለመንካት፣ ከዚያ ገልብጦ ማመስ፣ እንደገና መዘርጋት። ደካማ እሳት ያለው ቤት ጥብሱን የሚያገኘው በዚህች ትዕግሥት ነው። ፍሬው መዝለል ሲጀምር ሶያ ሶሱ በምጣዱ ዳር፣ በጋለው ብረት ላይ ይፈስሳል፤ ሩዙ ላይ ከፈሰሰ ያረጥበዋል እንጂ አይጠበስም። እንቁላሉና አትክልቱ ይመለሳሉ፣ ባሮ ሽንኩርቱ ይነሰነሳል፣ ይወጣል። ለአራት ሰው የሚሠራ ሁለት ጊዜ ይሥራ፤ አንድ ላይ የታጨቀ ምጣድ እንፋሎት ያምቃል።

«የሚጨምሩት ነገር» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ነው። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናዬ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ከባሕር ሣር ጣዕም ተነሥቶ ያገኘው ነው። ብዙ ሬስቶራንቶች በእርግጥ ይጨምሩታል። ጣዕም ያጎላል፤ የላቆጠን ሩዝ ግን አይፈታም።

ከሐዋሳ የሚገባበት

ምግቡ ትራፊ የሚሰበስብ በመሆኑ የአካባቢውን ነገር በቀላሉ ይቀበላል። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የተገዛ የቆሮሶ ሥጋ ከአጥንቱ ተለይቶ፣ በትናንሹ ተቆርጦ፣ በጨውና በዱቄት ታሽቶ ለብቻው ከተጠበሰ በኋላ መጨረሻ ላይ ሊገባ ይችላል። በጾም እንቁላሉን ትቶ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቃሪያ ማብዛት ነው፤ ጎመኑ ግን ቀድሞ ለብቻው ታምሶ ውሃውን ይጨርስ። ቻይናውያን መጨረሻ ላይ ጠብ የሚያደርጉት የተቆላ ሰሊጥ ዘይት ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ቻይና ከኢትዮጵያ ሰሊጥ ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ናት። ዘይቱ ካልተገኘ ሰሊጥ ቆልቶ፣ ወቀጥ አድርጎ መነስነስም ይሆናል። ከጎን ዳጣ ማቅረብ ደግሞ የደቡብ ሰው መብት ነው።

ጥብስ ሩዝ ውድ ዕቃም የተለየ ቅመምም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ቀን ቀድሞ ማሰብን ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሩዝ ከቀቀሉ ሁለት ብርጭቆ ያህል ጨምረው ይቀቅሉ፤ ትርፉን ትሪ ላይ ዘርግተው አቀዝቅዘው ፍሪጅ ያስገቡት። ነገ ሲያወጡት ሶያ ሶሱን ከማንሣትዎ በፊት ምጣዱ መጋሉን ያረጋግጡ።