አያት የሚያስታውሱት ጎርፍና የልጅ ልጅ ኮምፒውተር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሳይደርስ ጉማራን፣ ወረታን ካለፈ በኋላ ደግሞ ርብን ይሻገራል። በበጋ ለሚያልፍ መንገደኛ ሁለቱም ወንዞች ጸጥ ያሉ ናቸው። ግራና ቀኙ የሽንኩርት መደብና የሩዝ ገለባ ክምር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ሁለቱም ወንዞች ከጉና ተራራ ይነሣሉ። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ጣና ሐይቅ ግን 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ያን ሁሉ ቁልቁለት የተንደረደረው ውኃ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ መሬቱ ይለጠጥበታል፤ መሄጃ ሲያጣ ማሳውንና መንደሩን ያለብሳል።

እስቲ በዚህ ሜዳ ላይ አንድ ቤት እናስብ። የልጅ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቷል፤ የሚማረው የውኃ ምሕንድስና ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ካርታ ለአያቱ ያሳያል።

«አባባ፣ ሰማያዊው ጎርፍ የሚደርስበት ቦታ ነው። ይኸው፣ ወደ እኛ ቤት አይመጣም።»

አያት ካርታውን አይተው ፈገግ ይላሉ። «ልጄ፣ በ98ቱ ክረምት እኮ ውኃው የጎታው ወገብ ላይ ደርሶ ነበር። እህሉን ቆጥ ላይ የሰቀልነው ለጨዋታ መሰለህ?»

ከሁለቱ ማን ልክ ነው? ጥያቄው ለቤተሰብ ጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም። ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የእህል መጋዘን ወይም የመንገድ ቱቦ የት ይሠራ የሚለው ዛሬ የሚወሰነው እንዲህ ባለ ካርታ ነው። ካርታው ከተሳሳተ መጋዘኑ ውኃ ውስጥ ይገኛል።

ሶፍትዌሩ ከየት መጣ?

ሶፍትዌር ማለት ኮምፒውተር ምን እንዲያሰላ የሚነግሩት የትእዛዝ ዝርዝር ነው። የጎርፍ መሐንዲሶች አብዝተው ከሚጠቀሙባቸው አንዱ «ሄክ-ራስ» ይባላል። የሠራው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ዴቪስ ከተማ በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ማዕከል አለው። የመጀመሪያው ሄክ-ራስ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጣ። ያኔ የሚያሰላው ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች የሚፈሰውን ውኃ ብቻ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው ግን ከወንዙ አፍ ወጥቶ በሜዳ ላይ ወዲህና ወዲያ የሚሄደውንም ውኃ ማስላት ቻለ። እንደ ፎገራ ላለ ጠፍጣፋ አገር ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ደግሞም በነፃ የሚገኝ ስለሆነ የእኛም ተማሪ ሳይከፍል ይጭነዋል። የርብንና የጉማራን ጎርፍ ያጠኑ ተመራማሪዎችም ሠርተውበታል።

ሶፍትዌሩ በልቡ የያዘው ሐሳብ ግን አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሮበርት ማኒንግ የተባለ የአየርላንድ መሐንዲስ ያቀረበውን ቀመር ዛሬም ይጠቀማል። ቀመሩ የውኃውን ፍጥነት ከሦስት ነገሮች ያገኘዋል፤ ከመሬቱ ተዳፋትነት፣ ከውኃ መውረጃው ቅርፅና ስፋት፣ እንዲሁም ከወለሉ ሻካራነት። ለስላሳ ወለል ውኃን ያሳልፋል፤ ሣርና ቁጥቋጦ ያዘገየዋል።

ለምን ይሳሳታል?

የመጀመሪያው ምክንያት ከፍታው ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት የመሬት ከፍታ መረጃ በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. አንድ የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካው ነው። በነፃ የሚገኝ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን 30 ሜትር በ30 ሜትር ለሚያህል ቦታ የሚሰጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። የእርስዎ ግቢ፣ የጎረቤት አጥርና የወንዙ ዳር ክትር አንድ ላይ ተደባልቀው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። ቁጥሩም በሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። በተራራ አገር የሁለት ሜትር ስሕተት ብዙም አይጎዳም፤ በፎገራ ግን ሁለት ሜትር ማለት ደረቅ ቤትና የሰመጠ ቤት ማለት ነው።

ሁለተኛው የወንዙ ልኬት ነው። በብዙ ወንዞቻችን የውኃው ከፍታ የሚነበበው በተተከለ መለኪያ ላይ፣ በሰው ዓይን፣ ጧትና ማታ ነው። ሌሊት የመጣ ደራሽ ሲነጋ ከጎደለ በመዝገቡ ላይ አይገኝም። የሌሊቱን ውኃ የሚያውቀው ልጆቹን ተሸክሞ የወጣ ሰው ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ሜዳው ራሱ መለወጡ ነው። ፎገራ በላሞቹ የታወቀ የግጦሽ አገር ነበር፤ ዛሬ በሩዝ ይታወቃል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚያው ነው። ሩዝ የቆመበት ማሳ ውኃን እንደ ግጦሽ መሬት አያሳልፍም። ወንዞቹም ከላይ የሚያመጡት ደለል የታችኛውን ወለላቸውን ከፍ አድርጎታል። በርብ ላይ ደግሞ ወደ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ግድብ ተሠርቷል፤ የጉማራ ውኃ ግን በዚያ ግድብ አይያዝም። ስለዚህ የዛሬ ሃያ ዓመት ልክ የነበረ ቁጥር ዛሬ ልክ ላይሆን ይችላል።

የሚሻሻለው በማን ነው?

መሐንዲሶች ስሕተቱን የሚያርሙበት መንገድ አላቸው። አንድ ያለፈ ጎርፍ ይመርጣሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቅልቆ ብዙ ቤተሰብ ያፈናቀለውን እንበል። ያኔ የወረደውን ውኃ ለኮምፒውተሩ ይሰጡትና ካርታ ያስሉታል። ከዚያ ካርታውን በመሬት ላይ ከቀረ ምልክት ጋር ያስተያያሉ፤ በግድግዳ ላይ ከቀረ የጭቃ መስመር፣ በዛፍ ግንድ ላይ ከተያዘ ገለባ። ካልገጠመ የሻካራነቱን ቁጥርና ከፍታውን እየመረመሩ ያስተካክላሉ። በመጨረሻ በሌላ ዓመት ጎርፍ ይፈትኑታል። በአንድ ጎርፍ ብቻ የገጠመ ስሌት ገና አልተመሰከረለትም።

አሁን ጥያቄው ምልክቱ ከየት ይምጣ ነው። የጭቃ መስመር በልስን ይጠፋል፤ ዛፉ ይቆረጣል። የሚቀረው የሰው ትዝታ ነው። ናበጋ፣ ዋገጠራ ወይም ቅድስት ሐና ያሉ አዛውንት ያዩትን ቢናገሩ ያ ተራ ወሬ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የጎደለው መረጃ ነው። የእኛ ሰው ዘመን አቆጣጠርም ለዚህ ይመቻል። «የፍልሰታ ጾም በተያዘ በማግስቱ» ያሉ አያት ነሐሴ 2 ማለታቸው ነው፤ «በቡሄ ዕለት» ካሉ ነሐሴ 13። ተማሪው ቀኑን ይዞ የዝናቡንና የወንዙን መዝገብ ይገልጣል።

ለትምህርትስ?

እውነቱን ለመናገር አደጋው ሶፍትዌሩ ላይ ብቻ አይደለም። ቁልፍ ተጭኖ የሚያምር ካርታ የሚያወጣ፣ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ተማሪ ያሳስባል። ስለዚህ የማኒንግን ቀመር ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጁ ያሰላ ልጅ ይሻላል። ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ላሉት «ጂኦጀብራ» የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንዋርተር ተማሪ ሳለ የጀመረው ነው። ተዳፋትነት ሲጨምርና ሲቀንስ መስመሩ እንዴት እንደሚለወጥ በዓይን ያሳያል። ካርታ ለመሥራት ደግሞ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች እያሻሻሉት የመጣው «ኪውጂስ» አለ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ ስለገባ ልጁ «ናበጋ» ብሎ በራሱ ፊደል በካርታው ላይ መጻፍ ይችላል። መመሪያዎቹ ግን በአብዛኛው እንግሊዝኛ ናቸው። አንዱን ምዕራፍ በአማርኛ ጽፎ ለታናናሾቹ የሚያካፍል ተማሪም ሶፍትዌሩን አሻሻለ ማለት ነው።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

ወላጅ ከሆኑ ልጅዎ ካርታ ሲያሳይዎ «ጎበዝ» ብለው ብቻ አይለፉት። «በምን አረጋገጥከው?» ይበሉት። የኮምፒውተር እውቀት ባይኖርዎም ይህ የመምህር ጥያቄ ነው።

አያት ከሆኑ ሦስት ነገር ለይተው ይንገሩት። ውኃው የት ደረሰ፤ ክንድና ስንዝር ቢሆንም ልኩን ይንገሩት፣ ሜትሩን እሱ ይለካዋል። መቼ መጣ፤ በዓሉን፣ ሌሊት ይሁን ቀን። ከየት መጣ፤ በድንገት ደርሶ ጭቃ ትቶ የሄደ ከሆነ የወንዝ ነው፤ ቀስ ብሎ ወጥቶ ለሳምንታት የቆየ ከሆነ የሐይቁ እጅ ሊኖርበት ይችላል። እናቶችና ሴት አያቶችም ይጠየቁ። እህሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደተሰቀለ፣ ጥጃው የት እንደታሰረ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለወደፊቱም ውኃ ቤት ከገባ፣ ሰው በደህና ከወጣና ውኃው ከሸሸ በኋላ፣ ልስኑ ሳይታደስ የደረሰበትን መስመር በምስማር ጭረው ቀኑን ይጻፉበት።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ፎገራ ላይ የሚቀረው ደጃዝማችነት ብቻ አይደለም። ከላይ ያነሣነው የልጅ ልጅ አያቱን ሰምቶ፣ ሜትር ይዞ ወደ ጎታው ቢሄድና ወገቡን ቢለካ፣ ማታ ካርታው ሲታረም ሰማያዊው ቀለም ደጃቸው ድረስ ሊመጣ ይችላል። ዜናው ደስ አይልም፤ ግን መጪው ክረምት ሳይደርስ እህሉ የት እንደሚቀመጥ ያሳውቃል።