ሽለላ በሳክሶፎን፤ ስለ ጌታቸው መኩሪያ ሸክላና ስለ አቀባበሉ

ሽለላ ጦረኛ ወደ ዘመቻ ሲነሣ ወይም ድል አድርጎ ሲመለስ በከፍተኛ ድምፅ የሚያሰማው ዜማ ነው። ከቀረርቶና ከፉከራ ጋራ የሚዛመድ ሲሆን፣ ሸላዩ የአባቶቹን ጀግንነት እየጠራ፣ የራሱንም ግዳይ እየቈጠረ የሰሚውን ወኔ ይቀሰቅሳል። ዜማው በምት አይታሰርም፤ ልኩ የሸላዩ ትንፋሽ ነው። ሸላዩ አንዱን ድምፅ አጽንቶ ይይዝና ያንቀጠቅጠዋል፤ ቀጥሎም ቃላቱን አከታትሎ ያወርዳቸውና በድንገት ዝም ይላል። ያን ጊዜ ሆታና እልልታ ይከተላል።

ይህን የቃል ጥበብ ወደ ሳክሶፎን ያሻገሩት ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። ጌታቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 በይፋት ተወለዱ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ተጫወቱ፤ ኋላም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ከትንፋሽ መሣሪያ ጋራ ተዋወቁ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። ሽለላን በሳክሶፎን ማሰማት የጀመሩት በ1950ዎቹ ሲሆን፣ በመድረክም ላይ እንደ ጦረኛ ለብሰው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይታዩ ነበር።

በ1972 በፊሊፕስ ስም የታተመው ሸክላቸው የዚህ ሥራ ዋና ምስክር ነው። በዘመኑ ከታተሙት ሸክላዎች አብዛኞቹ የዘፋኝ ድምፅ ያለባቸው ሲሆኑ፣ በዚህኛው ግን የዘፋኙን ቦታ የያዘው ሳክሶፎን ነው። «ሽለላ» በተባለው ዜማ አጃቢዎቹ ምቱን ጠብቀው ሲቈዩ፣ ሳክሶፎኑ ከምቱ ወጥቶ እንደ ሸላይ ይጮኻል፣ ያቃስታል፣ ይንቀጠቀጣል። ቃሉን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሰሚ ግጥሙን ከልቡ አውጥቶ ይሞላበታል።

የሸክላ ኅትመት በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሞ ካሴት ተተካ፤ ይህም ሥራ ለብዙ ዓመታት ከገበያ ራቀ። በ2003 ግን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት 14ኛ ክፍል፣ «የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ» በሚል ትርጕም ባለው ርእስ እንደ ገና አወጡት። የውጭ አገር ሰሚዎች በአድናቆት ተቀበሉት፤ ጩኸቱንም በ1960ዎቹ አሜሪካ ከተስፋፋው «ነጻ ጃዝ»፣ በተለይም ከአልበርት አይለር አነፋፍ ጋራ አመሳሰሉት። ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ቡድን በ2004 ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ፤ በ2006ም «ሞአ አንበሳ» የተሰኘው የጋራ አልበማቸው ወጣ። ጌታቸው በ2016 እስካረፉ ድረስ ስማቸው በአውሮፓ መድረኮች ይጠራ ነበር።

ንጽጽሩ ለጆሮ እውነት ይመስላል፤ ምንጩ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ ነጻ ጃዝ የቀደመውን የጃዝ ሥርዐት ለመጣስ የተነሣ ሲሆን፣ የጌታቸው አነፋፍ ግን የቈየ ሥርዐትን የሚጠብቅ ነው፤ ነጻ መስሎ የሚሰማው ሽለላው ራሱ ከጥንት በምት ያልታሰረ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ሸክላው በሁለት ዐይነት ጆሮ ተሰምቷል፤ አንዱ ጆሮ ድፍረትን፣ ሌላው ትዝታን አገኘበት። ሽለላን በሰው ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ወጣት ኢትዮጵያዊም እንደ ባዕዱ ሰሚ ግማሹን ብቻ ይሰማል። ሸክላው ሙሉ ትርጕሙን ይዞ እንዲቈይ፣ በየገጠሩ ያሉ ሸላዮች ድምፅና ግጥም አብሮ ሊቀረጽና ሊጠበቅ ይገባል።