የቴሌኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ማኅበር በኢትዮጵያ

የቴሌኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ማኅበር በስልክ፣ በኢንተርኔትና በተያያዥ አገልግሎቶች ድርጅት ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ ሰዎች ደመወዛቸውን፣ የሥራ ሁኔታቸውንና መብታቸውን በጋራ ለማስከበር የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ የሚቋቋመው እንዲህ ያለ ማኅበር በተለምዶ «መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር» ይባላል። ከብዙዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት በአንድ ነገር ይለያል። የኢትዮጵያ ሕግ ቴሌኮሙኒኬሽንን እጅግ አስፈላጊ ከሆኑ የሕዝብ አገልግሎቶች አንዱ አድርጎ ስለሚቆጥረው የዘርፉ ሠራተኞች ሥራ ማቆም አይፈቀድላቸውም። አድማ የተከለከለበት ማኅበር ያለው ጉልበት ጉዳዩን የሚያውቁና አብረው የሚቆሙ አባላት ናቸው። ስለዚህ አባላትን ማሳወቅና ማሳተፍ ለዚህ ማኅበር ዋናው መሣሪያው ነው።

ስልክና ሠራተኛው በአራዳ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው፣ 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ይህም ስልክ ከተፈለሰፈ ከ18 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1932 ነው።

በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ የንግድ እምብርት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው አራዳ ነበር። የአካባቢው ሌላ መጠሪያ የሆነው «ፒያሳ» ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ቃል ነው። አራዳ ዛሬም የክፍለ ከተማ ስም ሲሆን፣ በስልክ ቁጥሮችም ላይ ይገኛል። በ011-111 የሚጀምሩት መደበኛ የስልክ ቁጥሮች በቁጥር ምደባው የአራዳ መስመሮች ናቸው። ከፒያሳ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳናም የኢትዮ ቴሌኮም ዋና መሥሪያ ቤት አድራሻ ነው።

የቴሌኮም ሥራ ሠራተኛውን በአንድ ጣሪያ ሥር አይሰበስበውም። ደንበኛ የሚያስተናግደው በሽያጭ ማእከል፣ ኔትወርክ የሚከታተለው በፈረቃ ሌት ተቀን፣ ኬብል የሚጠግነው በየመንገዱና በየጉድጓዱ፣ የሒሳብ ሠራተኛው በቢሮ ይውላል። አገልግሎቱ ሌሊትም በበዓልም ስለማይቋረጥ ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ለስብሰባ መጥራት አይቻልም። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። በሌሎች ፋብሪካዎች በምሳ ሰዓት በአንድ ግቢ የሚነገረው ወሬ እዚህ ራሱን የቻለ የመረጃ አሠራር ይጠይቃል።

ታሪክ

የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት በራሱ ቦርድ የሚተዳደር ተቋም የሆነው በ1945 ዓ.ም. ነው። በ1973 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ሆኗል።

የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ ዕውቅና ያገኙት በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ኢትዮጵያ ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ ኅብረት ድርድር የሚደነግጉትን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87ን እና ቁጥር 98ን ያጸደቀችውም በዚሁ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1963 ነበር።

ኢሠአማ ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ቀናት የቆየ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ አካሄደ። ከዘውዱ መውደቅ በኋላ ከደርግ ጋር ያለው ግንኙነት ሻከረ። መስከረም 14 ቀን 1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የኢሠአማን የአቋም መግለጫ ለባልደረቦቻቸው ሲያድሉ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሰዎች ተገደሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በከተማዋ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ታወጀ። ይህ ክስተት የደረሰው በአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ቢሆንም ለመላው የሠራተኛ እንቅስቃሴ ታሪክ ትርጉም አለው፤ ሰዎቹ የሞቱት አንድ ወረቀት ለአባላት ለማድረስ ሲሞክሩ ነበርና።

በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 64 መሠረት ማኅበራቱ እንደገና ተዋቀሩ፤ በ1969 ዓ.ም. ኢሠአማን የተካው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ። በዚህ ሥርዓት መረጃ በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መመሪያ ሆነ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ አዋጅ ቁጥር 42/1985 ወጥቶ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ተመሠረተ። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ ከዚያም አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወጡ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 የሠራተኞችን የመደራጀት መብት ይደነግጋል።

የሥራ ማቆም ክልከላ

በአዋጁ መሠረት በሌሎች ድርጅቶች ሥራ ማቆም የሚቻለው የተወሰኑ ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ አብዛኛው መደገፍ አለበት፤ ምክንያቱን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያም ከ10 ቀን በፊት መሰጠት አለበት። አየር መንገድ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ሆስፒታል፣ የእሳት አደጋ መከላከያና ቴሌኮሙኒኬሽን ግን ከዚህ መብት ውጭ ናቸው። ክልከላው ሁለቱንም ወገን ይመለከታል፤ አሠሪውም ሠራተኛውን ለማስገደድ ድርጅቱን መዝጋት አይችልም።

በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴም የስልክ አገልግሎት መቋረጡ የሕዝብን ሕይወትና ደኅንነት አደጋ ላይ ሊጥል ከሚችል አገልግሎቶች ተርታ ይቆጠራል። ነገር ግን ኮሚቴው አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቃል፤ ይህ መብት የተነፈጋቸው ሠራተኞች በምትኩ ፈጣንና ገለልተኛ የማስማማትና የዳኝነት ሥርዓት ሊኖራቸው ይገባል። በኢትዮጵያ ይህን ሥራ የሚሠሩት አስማሚዎችና የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ናቸው። በቴሌኮሙኒኬሽንና በመሰል አገልግሎቶች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ክርክር ሲነሣ የሚያየው ጊዜያዊ ቦርድ ሲሆን፣ በውስጡ የሠራተኛ ማኅበራትና የአሠሪዎች ተወካዮች ይገኛሉ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ክርክሩ በአስማሚ ወይም በቦርድ ፊት የሚፈታ ከሆነ የሚያሸንፈው ማስረጃ ነው። ማስረጃው ደግሞ ያለው በአባላቱ እጅ ነው፤ የፈረቃ መርሐ ግብር፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የአደጋ ሪፖርት፣ የዝውውር ደብዳቤ። ይህን የማይሰጥ፣ ምን እንደተጠየቀም የማያውቅ አባል ያለው ማኅበር በጠረጴዛው ዙሪያ ባዶ እጁን ይቀርባል።

አደረጃጀት

ማኅበር ለማቋቋም በድርጅቱ ውስጥ ቢያንስ 10 ሠራተኞች ሊኖሩ ይገባል። ማኅበራት ተሰባስበው ፌዴሬሽን፣ ፌዴሬሽኖች ተሰባስበው ኮንፌዴሬሽን ይመሠርታሉ። ኢትዮ ቴሌኮም በመንግሥት የተቋቋመ ቢሆንም የንግድ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ስለሆነ ሠራተኞቹ የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ የመንግሥት ሠራተኛና በድርጅት ውስጥ ያለ የሥራ መሪ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። የዕለት ተዕለት ሥራውን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ያከናውናል፤ ገንዘቡን ኦዲተር ይመረምራል፤ በየሥራ ቦታው ደግሞ ተወካዮች ይመረጣሉ። መዋጮ ከደመወዝ የሚቆረጠው ሠራተኛው በጽሑፍ ሲጠይቅ ብቻ ነው፤ አሠሪውም ቆርጦ ወደ ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ የማስገባት ግዴታ አለበት። ስለዚህ አባልነት በቅጥር ብቻ የሚገኝ አይደለም። እያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ የሚፈርመው ማኅበሩ ምን እንደሚሠራለት የነገረው ሰው ሲያገኝ ነው።

መረጃ ለአባላት የሚደርስበት መንገድ

የመጀመሪያው መንገድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ስብሰባ፣ የምርጫ ውጤትና ከአሠሪው ጋር የተደረሰበት ውሳኔ ይለጠፍበታል። ሰሌዳ የሚያገለግለው ግን በሕንፃው ለሚያልፍ ሰው ነው፤ ፒያሳ ላይ ኬብል ሲጠግን ለዋለ ቴክኒሻን ብዙም አይጠቅመውም።

ሁለተኛው ተወካይ ነው። ከኮሚቴው የሰማውን በሻይ ሰዓት ለክፍሉ ባልደረቦች ይነግራል፤ የእነሱን ቅሬታም ይዞ ይመለሳል። ይህ የመልስ ጉዞ ከሌለ ማኅበሩ ያሳውቃል እንጂ አያሳትፍም።

ሦስተኛው አጭር መልእክትና የቴሌግራም ቡድን ነው። ፈጣን ነው፣ የሌሊት ፈረቃንም ይደርሳል። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጉታል። አንደኛ፣ የሥራ ኢሜይልና የሥራ ስልክ የአሠሪው ንብረት ስለሆኑ ማኅበሩ የራሱ የመገናኛ መስመር ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ ያልተጣራ ወሬ በዚያው ፍጥነት ስለሚሰራጭ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤውን አሳጥሮ ቶሎ ማውጣት አለበት። ዝምታ ሲበዛ አሉባልታ ቦታውን ይይዛል።

መረጃው ምን መያዝ እንዳለበትም አስፈላጊ ነው። ለምሳሌ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ ጋር ሲነጻጸር እንደሚከተለው ነው፦

ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፦ 1.5 እጥፍ
ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፦ 1.75 እጥፍ
በሳምንት የዕረፍት ቀን፦ 2 እጥፍ
በሕዝብ በዓል ቀን፦ 2.5 እጥፍ

ይህን የሚያውቅ የፈረቃ ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀቱን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። የማያውቀው ግን ጉድለቱን እንኳ አያይም፤ ማኅበሩም ያልተነገረውን ቅሬታ ሊከራከርለት አይችልም።

የአባላት ተሳትፎ በኅብረት ስምምነት

የማኅበሩ ዋና ሥራ የኅብረት ስምምነት መደራደር ነው። ስምምነቱ ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ መብት በላይ ያሉ ጥቅሞችን፣ የሥራ ደኅንነትን፣ የዕድገትና የቅሬታ አቀራረብ ሥርዓትን ይወስናል። በውስጡ ሌላ ካልተገለጸ በቀር ለ3 ዓመት ሊከለስ አይችልም። ስለዚህ በድርድሩ ጊዜ የተዘነጋ ጥያቄ ሦስት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል።

ተሳትፎ የሚጀምረው ከድርድሩ በፊት ነው። ተወካዮች ከየክፍሉ ጥያቄ ይሰበስባሉ፤ ጉባኤው የቅድሚያ ቅደም ተከተል ያወጣል፤ ተደራዳሪዎች ይመረጣሉ። በድርድሩ ወቅት የደረሱበትን በየጊዜው ያሳውቃሉ። ስምምነቱ ሲፈረምና ሲመዘገብ ደግሞ እያንዳንዱ አባል ቅጂው እንዲደርሰው ማድረግ የማኅበሩ ድርሻ ነው። ሕጉ ለዚህ ጥበቃ ያደርጋል። የማኅበር መሪዎች ለድርድር፣ ለስብሰባና ለሥልጠና ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ያገኛሉ፤ ማንም ሠራተኛ በማኅበር አባልነቱ ወይም በሕጋዊ እንቅስቃሴው ምክንያት ከሥራ ሊሰናበት አይችልም።

የ2003 ዓ.ም. ለውጥ

በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ፈርሶ ኢትዮ ቴሌኮም ሲቋቋም አስተዳደሩ ለሁለት ዓመት ለፍራንስ ቴሌኮም በኮንትራት ተሰጠ። ሠራተኛው በአዲስ መዋቅር እንደገና ሲመደብ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሳይካተቱ ቀሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሠራተኛው ከደመወዝ ጥያቄ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የምደባው መስፈርት ምንድን ነው? ቅሬታ ለማን፣ እስከ መቼ ይቀርባል? የነበረው የኅብረት ስምምነትስ ምን ይሆናል? መልሱን በጊዜው ያላገኘ ሠራተኛ የይግባኝ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል። መረጃ ማድረስ የእንጀራ ጉዳይ የሚሆነው ያኔ ነው።

ከሌላ አገር ልምድ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1947 ወደ 350,000 የሚጠጉ የስልክ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎቹ ሴት ኦፕሬተሮች ነበሩ። ይሁን እንጂ ድርጅታቸው እያንዳንዱ ለራሱ የሚወስን የማኅበራት ስብስብ ስለነበር አንዳንዶቹ ለየብቻ ተስማምተው ወደ ሥራ ተመለሱ፤ አድማውም ተዳከመ። ሠራተኞቹ ከዚህ ተምረው በዚያው ዓመት አንድ ወጥ የሆነ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ማኅበርን መሠረቱ። አድማ በሚፈቀድበት አገር እንኳ ክፍሎቹ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ማኅበር አቅም እንደሌለው ይህ ያሳያል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የዘርፉን ማኅበራት ካሰባሰቡት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተውና በስዊዘርላንድ ኒዮን የሚገኘው ዩኒ ግሎባል ዩኒየን ነው።

የአሁኑ ሁኔታ

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር የኢትዮጵያ የቴሌኮም ገበያ ከአንድ አሠሪ ወደ ሁለት አደገ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሁለቱም ድርጅቶች ላይ በእኩል ይሠራል፤ የሥራ ማቆም ክልከላውም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ አክሲዮን ለሕዝብ ለሽያጭ ቀርቧል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ በተካሄደው የኮሪደር ልማት አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ የአካባቢው የመገናኛ መስመሮችም ወደ ምድር ሥር ገብተዋል።

ቴክኖሎጂው፣ የተቋሙ ስምና የከተማው መልክ ተለውጠዋል። ከፈረቃ ፈረቃ የማይገናኙትን ሠራተኞች ማገናኘት ግን በአራዳም ሆነ በሌላ ቦታ ያልተለወጠ የማኅበሩ ሥራ ነው። የሌላውን ሰው ግንኙነት ሌት ተቀን የሚጠብቅ ሠራተኛ የራሱንም ጉዳይ በጊዜው መስማትና በጉዳዩ ላይ ድምፁን መስጠት ይኖርበታል።